ለተረሳ ደራሲ ምን አለብን?

ለሚመጣው ዓመት አንድ ዕቅድ አውጥቻለሁ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ አንድ መጽሐፍ አነባለሁ። ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚች ቡለቲናችን ላይ ቦታ ማጣበብ ባላስፈለገኝ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማንም ያቅዳል። ነገር ግን በዝርዝሬ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ ዛሬ በግቢያችን ማንም የማያነባቸው ናቸው። ወይ ደራሲው ተረስቷል፤ ወይ ስሙ ቀርቶ ሥራው ተረስቷል፤ ወይም ደግሞ እሱን ማንበብ እንደ ነውር ተቆጥሯል። የዶርም ጓደኛዬ ዝርዝሩን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ አየና፥ «ይኸ የመጽሐፍ ዝርዝር ነው ወይስ የመቃብር ሥፍራ?» አለኝ።

ቀልዱ አላስከፋኝም። ያስጨነቀኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው። «ስማ» አለ፥ «እኛ እዚህ ግጥም እንጽፋለን፤ በስቴንስል እናባዛለን፤ ሃምሳ ኮፒ ይወጣና ሠላሳው ሳይነበብ ሻሂ ቤት ውስጥ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። በሕይወት ያለው ወንድምህ አንባቢ አጥቶ ሳለ አንተ የሞተ ሰው ፍለጋ ትሄዳለህ። የሞተ ሰው ምን ይጠቀማል? ኧረ ተው!»

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ለእርሱ መልስ ናት፤ ለራሴም ጭምር። ምክንያቱም ጥያቄው ጊዜን ስለ ማባከን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ የሚያነበው የተወሰነ ነው። ፈተና አለ፤ አሳይመንት አለ፤ መብራት ይጠፋል። አሥራ ሁለት መጽሐፍ ለሙታን ሰጠሁ ማለት አሥራ ሁለት መጽሐፍ ከሕያዋን ነጠቅሁ ማለት ነው። ይኸን ያህል የምሰጣቸው ዕዳ ስላለብኝ ነው? ወይስ ሌላው ያላነበበውን አነበብኩ ለማለት?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ዕዳ ነው» የሚል ነበር። ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣለታል፤ ስሙ ይጠራል፤ እንዲያው ሜዳ ላይ አይጣልም። ደራሲም ከሞተ በኋላ ስሙን የሚጠራ፥ መጽሐፉን የሚገልጥ አንድ ሰው ቢያገኝ ምናለ? ይኸ ሐሳብ ደስ የሚል ነበር፤ ችግሩ ግን በዝርዝሬ ላይ ያለ አንድ መጽሐፍ ራሱ አፈረሰብኝ። መጽሐፉ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ነው፤ በ1925 ዓ.ም. የታተመ። ዋናው ሰው አወቀ ይባላል። ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ አባቱ ሲሞት በልማዱ መሠረት ትልቅ የተዝካር ድግስ አላደርግም ብሎ ከዘመድ ከወዳጁ ጋር ይጣላል። ድግሱን የሚበላው ሕያው ነው፤ ሙት አይበላም። እንግዲያው ኅሩይን ለማስታወስ ብዬ ኅሩይን ባነብ እርሱ ራሱ የነቀፈውን ተዝካር ለእርሱ ማውጣቴ ነው። አስቂኝ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ገልብጬ ማየት ግድ ሆነብኝ። ተዝካሩን የሚበላው ሕያው ከሆነ፥ ጥያቄው የተረሳው ደራሲ ምን ቀረበት ሳይሆን እኔ ምን ቀረብኝ ነው ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር ለክረምት የሚመለስ ተማሪ ሁሉ የአወቀን ጠብ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ማለት አለበት ወይስ መናገር? ሠርግ ላይ በሬ ሲታረድ በብድር መሆኑን እያወቀ ይበላል ወይስ አይበላም? ይኸንን ጥያቄ ከዘጠና ዓመት በፊት ያነሣ ሰው በአጠገባችን ሳለ፥ እኛ አዲስ ያመጣነው ይመስል በየሻሂ ቤቱ እንጮሃለን። የኅሩይን ስም ማን የማያውቅ አለ? የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደ ነበሩ፥ በ1938 እ.ኤ.አ. በስደት እንግሊዝ አገር እንደ ሞቱ በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። የተረሱት ስማቸው ሳይሆን ዐረፍተ ነገራቸው ነው። የሚገርመው ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው መርሳትን ሲዋጉ የኖሩ ሰው መሆናቸው ነው፤ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው አውጥተውታል።

«ጊዜ ራሱ ዳኛ ነው፤ የተረሳ ሁሉ ሊረሳ የተገባው ነው» የሚሉ አሉ። በበኩሌ ይኸንን አባባል የሚናገር ሰው የማተሚያ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ይመስለኛል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን እንመልከት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ኖሮ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታው ዘመን ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። ድሀ አገር ከባለጸጋ አገር ጋር ሲነግድ ለምን እየደኸየ እንደሚሄድ የተነተነ መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም ዛሬ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ከላቲን አሜሪካ ሊቃውንት ጠቅሰው የሚያስተምሩን ጉዳይ ነው። የእጅ ጽሑፉን ያስቀመጠ ሰው ባይኖር፥ ወይም ያስቀመጠው ሰው ቤት ቢቃጠል፥ ጊዜ ዳኛው ምን ይፈርድ ነበር? ምንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደ ተዘረፈና እንደ ወደመ የምናውቅ ሰዎች፥ መጻሕፍት በጥራታቸው እየተመዘኑ ይተርፋሉ ብለን ልናምን አንችልም። የቆመው ቆመ፤ የጠፋው ጠፋ። ምርጫ አልነበረበትም።

በሌላ በኩል ግን ሁሉም የተረሳ ተበድሏል ማለት አይደለም። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በዘመናቸው መጻሕፍታቸው ታትመዋል፤ ተነበዋል። አንድ ሁለቱን ሞክሬያለሁ፤ ስብከቱ በዛብኝ። ዓለም ከንቱ ናት የሚለውን ነገር ከጠቅላይ ሚኒስትር አፍ መስማት ትንሽ ይከብዳል። እርሳቸው በሕይወታቸው የድርሻቸውን አድማጭ አግኝተዋል፤ ዛሬ ባላነባቸው ኅሊናዬ አይቈጨኝም። እንግዲህ መረሳት ብቻውን ለማንበብ በቂ ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በዝርዝሬ ላይ ሁለተኛው ስም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን፥ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰኘውንና ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉትን መጽሐፍ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመ እርሱ ነው። እኚሁ ሰው በጠላት ወረራ ዘመን ከጣልያን ጋር አብረው «አፈ ቄሣር» ተባሉ፤ ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው በ1947 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞቱ። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣልያን አውሮፕላን ተደብድባለች። የዚያን ቀን የሞቱት ሰዎች የልጅ ልጆች ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። ታዲያ ይኸን ሰው እዚህ አገር ቁጭ ብሎ ማንበብ ይገባል?

አንዱ ወገን፥ «ሥራውን ከሰውየው ለይ» ይላል። ይኸ መልስ ቀላል ስለሆነ አልወደውም። የአፈወርቅ አማርኛ ያምራል፤ ማር ነው፤ ማር ደግሞ መድኃኒትም መርዝም ይሸከማል። በ1901 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት የምኒልክ ታሪክ ለጌታ የተጻፈ ውዳሴ ነው፤ ገብረ ሕይወት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ተችቶታል። ለአንዱ ጌታ እንዲህ የሚያሞግስ ብዕር ነገ ለሌላው ጌታ እንደሚያሞግስ ከዚያው መገመት ይቻል ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከሥራው ውስጥ አለ፤ መለየት አይቻልም። የማነበውም ስለዚህ ነው። ውብ ቋንቋ አንድን ሰው ከምንም ነገር እንደማያድነው ማወቅ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል። ማንበብ ሐውልት ማቆም አይደለም። ዳኛም እኮ ከመፍረዱ በፊት ተከሳሹን ይሰማል፤ ከሰማ በኋላ ደግሞ ላለመፍታት ሙሉ መብት አለው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመጽሐፉ ታሪክ የሚፈታው አረመኔ ተብሎ የተሣለው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ተይዞ ክርስትና ሲነሣና ሲያገባት ነው፤ ደስታ ሆነ፤ ሁሉ ታረቀ። አዲስ አበባ ላይ ያነበበው ሰው «ግሩም አጨራረስ» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። የወሎ ልጅ ግን ቦሩ ሜዳን ያስታውሳል። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ እስላም ክርስትና እንዲነሣ አስገደዱ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ፤ እምቢ ያለውም ወደ ጫካና ወደ ስደት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይበዛ የተጻፈ መጽሐፍ፥ አንደኛው ወገን ሃይማኖቱን ሲለውጥ ሰላም ይወርዳል ሲለን፥ እኛ እዚህ ያለነው አጨራረሱን እንደ ተረት ልንውጠው አንችልም። ይኸን የመሰለ ንባብ የሚገኘው ደራሲውን ከመርሳት አይደለም።

እምቢ ካሉት አንዱ ደግሞ ደራሲ ነበሩ። ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል፤ የጻፉት ግን በዐረብ ፊደል ነው፤ ዐጀሚ በሚባለው። ሦስተኛው ስም እርሳቸው ናቸው፤ ዕቅዴም የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋው የናቴ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉን ግን አላነበውም። ግዕዝን በመጠኑ ቆጥሬያለሁ፤ እንግሊዝኛ በግድ አስተምረውኛል፤ ከቤታችን በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንደር ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአማርኛ ግጥም ግን ለእኔ ዝግ ነው። የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱን አንብቤ ስለ ሼኹ አውቃለሁ፤ ሼኹን ግን አላውቃቸውም። ይኸ መርሳት ነው? አይመስለኝም። መንዙማውን ዛሬም የሚሉት ብዙ ናቸው። የረሳው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ በፊደል የተማረው ወገን፤ ማለትም እኛ።

ባለፈው ክረምት አርዲቦ ዳር አንድ ሽማግሌ ከብት እያጠጡ መንዙማ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ፥ «አባባ፥ አንቱ የሚሉት የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሸኾቹ ነዋ» አሉ።

«የትኛው ሸኽ?»

«ልጄ፥ እኔ ውኃውን ስጠጣ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው እላለሁ እንዴ? ዱዓ አደርግለታለሁ እንጂ።»

ስለዚህ መልስ ብዙ አሰብኩ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ነገሩ አንድ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. አበምኔት ሆነው ያደራጁት ያ ቤት ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ከነዚህ አንዱ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባ ብሎት እህል ሲፈጭ ነበር፤ በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን፥ አርጋኖንን፥ ሰዓታትን ደረሰ። በአገሪቱ ስንት ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ ሰዓታት ይቆማል! የሚቆመው ዲያቆን ደራሲውን አይጠይቅም። ደራሲውም እንዲጠየቅ የፈለገ አይመስለኝም። ጽሑፉ በሰው አፍ ውስጥ ሕያው ሆኖ ስሙ ቢጠፋ፥ ለእንዲህ ያለ ደራሲ መረሳት ሽንፈቱ ሳይሆን ምኞቱ ነው። እንግዲህ የእኔ ዕቅድ «ስማቸውን ላድስ» የሚል ከሆነ ለእነዚህ ሰዎች ትንሽ ስድብ ነው። ለኅሩይ ስም አለው፥ አንባቢ የለውም፤ ለጊዮርጊስና ለመንዙማው ባለቤት አንባቢ አለ፥ ስም ጠሪ የለም። የቱ ይሻላል? ደራሲ ለመሆን የምንሻ ሁሉ ለየራሳችን ብንመልሰው ጥሩ ነው፤ እኔ የመለስኩትን ግን አልናገርም።

አርዲቦን ካነሣሁ አይቀር፥ ብዙዎቻችሁ አታውቁትምና ጥቂት ልበል። ሐይቅን ሁሉም ያውቃል። ገዳሙ አለ፤ ከተማው አለ፤ መንገዱ አጠገቡ ያልፋል። አርዲቦ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ብሎ ተራራ መካከል የተቀመጠ ነው። ውኃው ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። ሌላው ቢቀር ስሙን ተመልከቱ፤ ሁለቱም ሐይቅ ናቸው፤ አንደኛው ግን የወል ስሙን ለብቻው ወስዶ «ሐይቅ» ተባለ። በሥነ ጽሑፋችንም እንዲሁ ነው፤ «የአማርኛ ልብ ወለድ» ሲባል ሁሉም ሰው በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይላል፤ ሌላው ሁሉ ከተራራው ጀርባ ይቀራል።

ከዚህ ተነሥቶ፥ የተረሱት ደራስያን የታወቁትን የሚመግቡ የላይኛው ውኃ ናቸው ማለት ያምራል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ጓደኛዬም ወዶልኝ ነበር። ነገር ግን ምሳሌው ያነክሳል። ውኃ ማንም ባያየውም ይወርዳል፤ መጽሐፍ ካልተገለጠ አይወርድም። ደግሞም ወደ ሐይቅ የሚወርደውን ውኃ ገበሬው በመንገድ ላይ ለመስኖ ይጠልፈዋል፤ ሽንኩርት ያበቅልበታል። ማን ነው ሐይቅ መድረስ ነበረበት የሚለው? ስለዚህ የተረሳ ደራሲን የማነበው ታዋቂውን ለማስረዳት አይደለም። ለራሴ ሽንኩርት ነው።

ወደ ጓደኛዬ ክስ ልመለስ። «ሕያው ወንድምህ አንባቢ አጥቶ» ያለው እውነት ነው። ግን በደንብ ቢታይ እርሱ የሚጽፋቸው ግጥሞችና እነዚህ መጻሕፍት ጠላታቸው አንድ ነው። በየስልካችን በቴሌግራም የሚዞረውን «በሠላሳ ቀን ሀብታም ሁን» የሚል የትርጉም መጽሐፍ ሁላችንም አንብበናል፤ አንዳችንም ሀብታም አልሆንንም። ማንም ያላመሰገነውን ጽሑፍ ከፍቶ በራሱ ዐይን መመዘን የለመደ ሰው ነው ነገ የማይታወቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግጥም አንሥቶ የሚያነበው። የሌላውን አፍ የሚጠብቅ አንባቢ ለሙትም ለሕያውም አይጠቅምም። ይኸን ስነግረው፥ «እሺ፥ ታዲያ የኔን ግጥም መቼ ነው የምታነበው?» አለኝ። በዕቅዱ ላይ ጳጉሜን ባዶ ስለ ነበረች ለእርሱ ሰጠኋት፤ አምስት ቀን ለአሥራ አንድ ግጥም ይበቃል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ቁጥር። ንባብ በቁጥር ሲታቀድ ቶሎ ብሎ ፉክክር ይሆናል። «ስንት ደረስክ?» ይባላል፤ ገጽ መግለጥ ይጀመራል፤ ሰው እንደ ጾም ቀን ይቆጥራል። ይባስ ብሎ ያልታወቀ ደራሲ ማንበብ ራሱ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የሚያነበውን መናቅ ሌላ ዓይነት ፋሽን ነው። ለዚህ ያገኘሁት መከላከያ ትንሽ ነው፤ አንድ ገጽ ያህል በእጄ ሳልጽፍበት ስላነበብኩት መጽሐፍ ለማንም ላላወራ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። መጽሐፉን ካልወደድኩት እንዳልወደድኩት እጽፋለሁ። አንድ ደራሲ ስለ ተረሳ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም፤ ምጽዋት መስጠት ይሆናል፤ ምጽዋት ደግሞ ለደራሲ ከመረሳት አይሻልም።

የቀሩትን ስሞች በአጭሩ፦ ዐረብ ፈቂህ፥ የግራኝ አሕመድን ዘመቻ የጻፈው፤ በ1531 እ.ኤ.አ. በሐይቅ ደሴት ላይ የሆነውን ከወራሪው ወገን ሆኖ ይተርካል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ገዳሙንና እርሱን ጎን ለጎን ማንበብ አስቤያለሁ። ታደሰ ሊበን፥ ስለ አጫጭር ልብ ወለዶቹ። ዳኛቸው ወርቁ፥ ስለ «አደፍርስ»፤ በ1962 ዓ.ም. የወጣ፤ ሁሉም «ከባድ ነው» ብሎ ያስቀመጠው። ሌሎቹን ገና አልወሰንኩም።

የጥር ወር የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነው። በስዊዘርላንድ የተማሩ፥ በጠላት ዘመን አሲናራ ደሴት የታሰሩ፥ በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ድርሰታቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። ከዝርዝሬ ውስጥ እስከ ዛሬ ያላገኘሁት እርሱን ነው። በሐይቅ ገዳም ሴት ስለማትገባ፥ የክፍላችን ሴት ተማሪዎች የኢየሱስ ሞዓን ቤት ከውጭ ቆመው ነው የሚያዩት፤ እነርሱም ከእኔ ጋር የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ቢኖር ብዬ ይኸን መረጥኩ፤ ሦስቱ እሺ ብለዋል። መጽሐፉ በእናቱ ሣጥን ወይም በአያቱ መደርደሪያ ላይ ያለው ተማሪ ካለ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ለቡለቲኑ ክፍል ይንገር። በፕላስቲክ ሸፍነን፥ ቅጠሉን ሳናጥፍ፥ የካቲት ሲገባ እንመልሳለን። ዐጀሚ የሚያነብም ካለ እንዲሁ፤ ለእርሱ የምከፍለው ባይኖረኝም አርዲቦ ድረስ ወስጄ ከእኒያ ሽማግሌ ጋር አገናኘዋለሁ።